በ98 ዓመት ንባብ ውስጥ አንዲት ሰከንድ

የአንድን ሰው ዘረመል ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ በአንድ ሰከንድ አንድ ፊደል እየጠራን፣ ሳንተኛና ሳናርፍ ብናነበው 98 ዓመት ይፈጅብናል። ኮቪድ-19ን የሚያስይዘውን ቫይረስ በዚሁ ፍጥነት ብናነበው ደግሞ 8 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይበቃናል። የሰው ዘረመል 3.1 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ የቫይረሱ 29,903 ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይረዝማል። ሆኖም የዕድሜ ልክ ንባብ የሚሆነውን የሰውን ልጅ፣ በአንድ የሥራ ቀን ተነብቦ የሚያልቀው ቫይረስ አልጋ ላይ ሲጥለው አይተናል።

ቫይረሱ በክብደቱም እንዲሁ ኢምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ የተያዘ ሰው ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ በበዛበት ሰዓት ከ1 ቢሊዮን እስከ 100 ቢሊዮን የቫይረስ ቅንጣት ይሸከማል። በአንድ ወቅት በመላው ዓለም በተያዙት ሰዎች ሁሉ ውስጥ ያለው ቫይረስ ተሰብስቦ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን የሚመዝነው ከ100 ግራም እስከ 10 ኪሎ ነው። አውሮፕላን ማረፊያዎችን የዘጋ፣ ትምህርት ቤቶችን የበተነ፣ ሚሊዮኖችን የቀበረ ነገር ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ሰው በእጁ አንጠልጥሎ ሊሄድ የሚችለውን ያህል ነበር።

ታዲያ ይህ ኢምንት ነገር አንድ ቤት ገብቶ አንዱን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎት ሲያልፍ፣ ሌላውን ለምን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገባዋል? ዕድሜ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ስኳር፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ ድህነት፣ የተጨናነቀ መኖሪያ፣ የኦክስጅንና የሐኪም እጥረት ቀጥለው ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ ከተቆጠሩ በኋላም ግን መልስ ያላገኘ ልዩነት ይተርፋል። በዕድሜም በኑሮም የሚመሳሰሉ ሁለት ጤነኞች ከአንድ ቫይረስ ጋር ተጋጥመው ዕጣቸው የሚለያይበት ጊዜ አለ። የመልሱ አንድ ክፍል ያለው በዚያ በ98 ዓመቱ ንባብ ውስጥ ነው።

ሁለት ወር የሚፈጅ ልዩነት

ማንኛውም ሰው ከማንኛውም ሰው ጋር ከ99 በመቶ በላይ አንድ ነው። ቀሪው ክፍልፋይ ግን በፊደል ሲቆጠር ብዙ ነው። የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት በ2015 ከ26 ሕዝቦች የተውጣጡ የ2,504 ሰዎችን ዘረመል አንብቦ ውጤቱን ሲያወጣ፣ አንድ ሰው ለማነጻጸሪያ ከተያዘው ዘረመል ከ4.1 እስከ 5 ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ላይ እንደሚለይ አሳየ። ከ98 ዓመቱ ንባብ ውስጥ እኔን ከእርስዎ የሚለየው ሁሉ ተሰብስቦ ቢነበብ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል ማለት ነው።

ከፍተኛው ልዩነት የተቆጠረው የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። የሰው ልጅ ከሁሉ ረዝሞ የኖረው በዚህ አህጉር ነውና፣ ከዚህ ወጥተው ዓለምን የሞሉት ሕዝቦች ይዘው የሄዱት የብዝኃነቱን ከፊል ብቻ ነው።

ከእነዚህ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ልዩነቶች ውስጥ አብዛኞቹ በጤናችን ላይ የሚያመጡት ለውጥ የለም። ለውጥ የሚያመጡትን ጥቂቶች መልቀም ነው ከባዱ ሥራ። ይህን ያህል ልዩነት ባለበት፣ እንዲሁ በአጋጣሚ በታማሚዎች ላይ በዝቶ የሚታይ ፊደል ሞልቷል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለራሳቸው ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል፤ አንድን ግኝት የሚቀበሉት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከ20 ሚሊዮን አንድ በታች ሲሆን ነው። ያን ደንብ ለማለፍ ደግሞ ብዙ ሰው መቁጠር ግድ ነው።

ቆጠራው የተጀመረው በሽታው ክፉኛ በመታቸው አገሮች ነበር። በ2020 የአውሮፓ ጸደይ በጣሊያንና በስፔን 1,610 መተንፈስ የተሳናቸው ታማሚዎች ከ2,205 ሌሎች ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ውጤቱ በሰኔ ወር ሲወጣ በክሮሞሶም 3 ላይ አንድ ቦታ ጎልቶ ታየ። መነሻው ሄልሲንኪ የሆነ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት ደግሞ በ2021 የ49,562 ታማሚዎችንና የ2 ሚሊዮን ሌሎች ሰዎችን መረጃ ከ19 አገሮች አሰባስቦ 13 ቦታዎችን ለየ። በ2023 የታማሚዎቹ ቁጥር 219,692፣ አገሮቹ 35፣ የተለዩት ቦታዎች 51 ደረሱ። በሰው ልጅ ታሪክ ለአንድ ተላላፊ በሽታ ይህን ያህል ሕዝብ ዘረመሉን በዚህ ፍጥነት አዋጥቶ አያውቅም።

ከ60,000 ዓመት በፊት የመጣ ውርስ

በክሮሞሶም 3 ላይ የተገኘው ቦታ አንድ ፊደል አልነበረም። ወደ 50,000 የሚጠጉ ፊደላት ተያይዘው የሚወረሱበት ቁራጭ ነው፤ ንባቡ 14 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ተመራማሪዎቹ ሁጎ ዜበርግና ስቫንቴ ፔቦ በመስከረም 2020 ይህ ቁራጭ ከየት እንደመጣ ሲያሳዩ ብዙዎች ተደነቁ። በክሮኤሺያው የቪንዲያ ዋሻ የተገኘና 50,000 ዓመት ያህል ያስቆጠረ፣ ኒያንደርታል የተባለው የጠፋ የሰው ዘር አጥንት ይህንኑ ቁራጭ ይዞ ነበር። ወደ እኛ የገባው ከ60,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከአፍሪካ የወጡ ሰዎች ከኒያንደርታሎች ጋር ሲዋለዱ ነው። ፔቦ በዚህ የጥንት ዘረመል ምርምር ዘርፍ ለሠራው ሥራ በ2022 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ቁራጩ በዓለም ላይ የተሰራጨበት መንገድም ከዕድሜው ባልተናነሰ ያስደንቃል። በአውሮፓ ከመቶ ሰው 16ቱ፣ በደቡብ እስያ ከመቶ 50ው ይሸከሙታል። በባንግላዴሽ ከመቶ 63ቱ ቢያንስ አንድ ቅጂ አላቸው፤ 13ቱ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ወርሰው ሁለት ቅጂ ይዘዋል። በምሥራቅ እስያ ከሞላ ጎደል የለም፤ በአፍሪካም እንዲሁ።

በ2021 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከዚያ ሁሉ ፊደል ውስጥ ጥፋተኛ ሳትሆን አትቀርም ያሏትን አንዷን ለይተው አወጡ። ፊደሏ ያለችው ጂን ውስጥ አይደለም፤ ኤልዜድቲኤፍኤል1 የተባለው ጂን መቼና ምን ያህል እንደሚሠራ በሚወስን ክፍል ውስጥ ነው። የሳንባን ውስጥ የሚሸፍኑ ሴሎች ቫይረስ ሲያጠቃቸው ጠባያቸውን ቀይረው፣ ቫይረሱ የሚገባባቸውን በሮች ይቀንሳሉ። ይህች ፊደል ስትለወጥ ጂኑ ከልክ በላይ ይሠራና ያንን መከላከል ያዘገየዋል። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት፣ የተለወጠችውን ፊደል የያዘ ሰው በኮቪድ ምክንያት መተንፈስ የመሳን አደጋው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ንባቡ የ98 ዓመት ነው፤ ልዩነቱ የአንዲት ሰከንድ ነው።

ይህ ውርስ ግን መርገም ብቻ አይደለም። ዜበርግ በ2022 እንዳሳየው፣ ይህንኑ ቁራጭ የሚሸከሙ ሰዎች በኤችአይቪ የመያዝ ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ ነው። አንድን ሰው ለአንዱ ቫይረስ ያጋለጠ ነገር ከሌላው ይጋርደዋል። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «የእነ እገሌ ዘረመል ደካማ ነው፤ የእኛ ብርቱ ነው» ቢል ቁጥሮቹ አይደግፉትም። ቫይረሱ ሲለወጥ ብርታቱም ድካሙም ቦታ ይለዋወጣል።

የአፍሪካ ልጆች የፈቱት እንቆቅልሽ

በክሮሞሶም 12 ላይ ደግሞ የሚያድን ቁራጭ አለ። 75,000 ያህል ፊደላት ይረዝማል፤ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሰዎች የወረሱት ይሄንንም ከኒያንደርታሎች ነው። የያዘው ሰው በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት አደጋው በ22 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በውስጡ ኦኤኤስ1 የተባለ ጂን አለ፤ ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ወደ ሴል የገባ የቫይረስ መልእክት ሲያይ የማንቂያ ደወል ይደውላል፤ ሌላ ፕሮቲን ተቀስቅሶ የቫይረሱን ጽሑፍ ይቆራርጠዋል።

ጥያቄው ከ75,000 ፊደላት መካከል አዳኟ የትኛዋ ናት የሚል ነበር። በአውሮፓውያን መረጃ ብቻ መልሱ አይገኝም ነበር፤ ፊደላቱ አንድ ላይ ስለሚወረሱ፣ አንዷን የያዘ ሁሉንም ይይዛልና ሥራው የማን እንደሆነ አይለይም። የተቆጠሩት አውሮፓውያን በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ቢሆኑ እንኳ ችግሩ ያው ነው።

መልሱ የመጣው የአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ነው። በ2022 የታተመው ጥናት የዚህ ሐረግ የሆኑ 2,787 ሆስፒታል የገቡ ታማሚዎችን ከ130,997 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በእነርሱ ዘንድ አዳኟ ፊደል የኒያንደርታል ውርስ አይደለችም፤ ሁለቱ የሰው ዘሮች ሳይለያዩ ከነበረው የጋራ አባት የመጣች ናት። ከዚያ ጀምሮ ባለፈው የማይቆጠር ትውልድ፣ የእናትና የአባት ክሮሞሶሞች በየልደቱ ቁራጭ ሲለዋወጡ፣ በዙሪያዋ የነበሩት ሌሎቹ ፊደላት ከእርሷ ተለያይተው ቀርተዋል። ከመቶ 80 የሚሆኑት የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይህችን ፊደል ያለ ኒያንደርታሉ ቁራጭ ይይዛሉ፤ ጥበቃዋም በእነርሱ ላይ እንዲሁ ታየ። ስለዚህ የምታድነው እርሷ ራሷ መሆኗ ታወቀ። ሥራዋም ፕሮቲኑ ረዘም ብሎ እንዲሠራና ቫይረሱ በሚራባበት የሴል ክፍል ላይ እንዲጣበቅ ማድረግ ነው።

ይህን ግኝት ደጋግሜ አስባለሁ። ስለ አውሮፓውያን ሰውነት የተነሣን ጥያቄ የመለሱት የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ብዝኃነት ለፍትሕ ሲባል ብቻ ወደ ጥናት የሚጨመር ነገር አይደለም፤ የምርምሩ ዋና መሣሪያ ነው። አጉሊ መነጽሩ ራሱ የሰው ልጅ መለያየት ነው።

ከዓለም ዳር እስከ ዳር

የብዝኃነት ጥቅም በምሥራቅ እስያም ታይቷል። ከሄልሲንኪ የተነሣው ኅብረት ፎክስፒ4 በተባለ ጂን አጠገብ ያገኘው አደገኛ ፊደል በአውሮፓ ብርቅ ነው፤ በምሥራቅ እስያ ግን ከመቶ ቅጂ በ30 ያህሉ ላይ ይገኛል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2022 ያስታወቁት፣ ዶክ2 ከተባለው ጂን አጠገብ ያለውና በተለይ ከ65 ዓመት በታች ባሉት ላይ የሚከፋው ፊደልም በአውሮፓውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል የለም። ጃፓኖች ራሳቸው ባይፈልጉት ማንም አያገኘውም ነበር።

እጅግ ብርቅ የሆኑ፣ ሲገኙ ግን ኃይላቸው የከፋ ለውጦችም አሉ። በ2020 በሆላንድ ሁለት ቤተሰቦች ውስጥ አራት ጤነኛ ወጣቶች፣ ከሁለቱም ቤት ሁለት ሁለት ወንድማማቾች፣ በኮቪድ በጽኑ ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። የአራቱም ችግር ቲኤልአር7 በተባለ ጂን ላይ ነበር። ይህ ጂን የቫይረስን መኖር አውቆ ኢንተርፌሮን የተባለውን የሰውነት የመጀመሪያ መከላከያ የሚያስነሣ ነው። የሚገኘው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነና ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ፣ ሲበላሽበት መጠባበቂያ ቅጂ የለውም። በኋላ 1,202 በጽኑ የታመሙ ወንዶች ሲመረመሩ 16ቱ ላይ ይኸው ጉድለት ተገኘ።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት የምዕራብ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ደግሞ የኢንተርፌሮን ተቀባይ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያደርግ ለውጥ አለ። በተቀረው ዓለም ከሞላ ጎደል የማይታወቀው ይህ ለውጥ በእነዚያ ደሴቶች ከመቶ ቅጂ ከአንድ በላይ በሚሆነው ላይ ይገኛል። ከእናትም ከአባትም ለወረሱት ጥቂት ሕፃናት ተራ ቫይረስ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል፤ ለሌላው ሕፃን ሁሉ ጋሻ የሆነው የኩፍኝ ክትባትም፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት፣ እነርሱን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል። በግሪንላንድ፣ በካናዳና በአላስካ የአርክቲክ ሕዝቦች ዘንድም ተመሳሳይ ጉድለት በሌላ ፊደል ተገኝቷል። ይህ እስኪታወቅ ድረስ የእነዚያ ሕፃናት ወላጆች ልጆቻቸው ለምን እንደተጠቁ የሚነግራቸው አልነበረም። አሁን ግን ልጁ ሳይታመም አስቀድሞ መለየትና መጠበቅ ይቻላል።

ከፊደል ወደ መድኃኒት

በብሪታንያ በኬኔት ቤይሊ የተመራው ጥናት በ208 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ 2,244 ታማሚዎችን መርምሮ በ2020 መጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ፣ ካመለከታቸው ጂኖች አንዱ ታይክ2 ነበር፤ ሰውነት በራሱ ላይ የሚያስነሣውን ብግነት ከሚያግሙት አንዱ ነው። ያን መንገድ የሚዘጋ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ ባሪሲቲኒብ የተባለ እንክብል ቀድሞም ነበር። የዘረመሉ ማስረጃ ይህ መድኃኒት በትልቅ ሙከራ እንዲፈተሽ ካነሳሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። 8,156 የሆስፒታል ታማሚዎች በተካፈሉበት ሙከራ፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከመቶ 14ቱ ሲሞቱ ከወሰዱት የሞቱት 12 ናቸው። ከመቶ ሁለት ነፍስ ትንሽ ይመስላል። በሽታው ሚሊዮኖችን ሆስፒታል ያስገባ መሆኑን ስናስብ ግን ከመቶ ሁለት ማለት የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው።

የጎደለው ቆጠራ

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የሚከተለው ቁጥር ያስደነግጣል። እስከ 2018 በዓለም ላይ በተካሄዱት የዚህ ዓይነት የዘረመል ጥናቶች ከተካፈሉት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው 2 በመቶ ብቻ። አፍሪካ በዚያን ጊዜ ከዓለም ሕዝብ ስድስተኛውን እጅ ይዛ ነበር። ከፍተኛው ልዩነት ያለበት አህጉር ነው እጅግ በጥቂቱ የተነበበው።

ያልተነበበው ምን ያህል እንደሆነ ከአንድ ጥናት መገመት ይቻላል። በ2020 የታተመ፣ በአፍሪካውያን ተመራማሪዎች የተመራ ሥራ ከ13 የአፍሪካ አገሮችና ከ50 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 426 ሰዎችን ብቻ አነበበ። ከእነዚህ ጥቂት ሰዎች ከዚያ በፊት በየትም ያልተመዘገቡ ከ3 ሚሊዮን በላይ ልዩነቶች ተገኙ። በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ከ7,000 በላይ ይደርሳል። ጥናቱ ለረጅም ዘመን የተፈጥሮ ምርጫ ካረፈባቸው ቦታዎች መካከል ቫይረስን የሚከላከሉ ጂኖች እንደሚገኙም አሳየ፤ የአፍሪካ አያቶቻችን ከወረርሽኝ ጋር የተዋጉበት አሻራ በእያንዳንዳችን ውስጥ አለ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠባል። በ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ከአህጉሩ የተካተቱት ከናይጄሪያ ዮሩባና ኤሳን፣ ከኬንያ ሉህያ፣ ከሴራሊዮን ሜንዴ፣ እንዲሁም የጋምቢያ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ የለበትም። በ2015 የወጣው የአፍሪካ ዘረመል ጥናት ሙሉ ዘረመላቸውን ካነበበላቸው 320 ሰዎች 120ው ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ግን 120 ሰው ጅማሬ እንጂ መልስ አይሆንም።

«አፍሪካ» የሚለው አማካይ ለኢትዮጵያዊ የማይበቃበት ምክንያትም አለ። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሴማዊና የኩሽ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ከዘረመላቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ያገኙት ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ተመልሶ ከመጣ ሕዝብ ጋር በመዋለድ ነው። የኒያንደርታሉ ቁራጭ «በአፍሪካ ከሞላ ጎደል የለም» ሲባል፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ሌጎስ ነዋሪ የሚናገረውን ያህል ስለ ደሴ ወይም ስለ ጅማ ነዋሪ እንደሚናገር በግምት መቀበል አይገባም። መቁጠር ያስፈልጋል። መቁጠር የሚያመጣውን ደግሞ ቀድመን አይተናል፤ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እንዳሳዩት፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጨው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ጂን ከመቶ ኢትዮጵያውያን በ29ኙ ላይ ተደጋግሞ ይገኛል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህን ከሌላ አገር መረጃ ተነሥቶ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ሁለት ነገር በአጽንዖት መናገር እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ዘረመል ዕጣ ፈንታ አይደለም። አደገኛውን ቁራጭ ከሚሸከሙት እጅግ የሚበዙት ኮቪድ ይዟቸው ድነዋል። በእንግሊዝ የባንግላዴሽ ተወላጆች በበሽታው የመሞት አደጋቸው ከነጮቹ እንግሊዛውያን እጥፍ ገደማ መሆኑ በ2020 ሲታወቅ፣ የሥራቸው ዓይነት፣ የቤታቸው መጨናነቅና ሌላ ሕመማቸው አብረው መታየት ነበረባቸው፤ ሁሉን በዘረመል ማሳበብ ሊስተካከል የሚችለውን በደል መሸፈን ይሆናል። ኦክስጅን፣ ክትባትና በሰዓቱ የሚደርስ ሐኪም የማንንም ዘረመል ሳይጠይቁ ያድናሉ።

ሁለተኛው፣ ደሙን የሚሰጥ ሰው ባለቤትነቱ ይከበርለት። ናሙናው ለምን እንደሚውል በሚያውቀው ቋንቋ ተነግሮት ይፍቀድ፤ መረጃው በአገሩ ይቀመጥ፤ የሚተነትነውም በአገሩ የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን፤ ከግኝቱ የሚወጣው መድኃኒት በሚችለው ዋጋ ይድረሰው። በአዲስ አበባ አርማወር ሐንሰንን የመሰሉ የምርምር ተቋማት አሉን፤ የሚያስፈልገው ሥራውን በሚመጥን ገንዘብና በረጅም ዕቅድ መደገፍ ነው። በአሜሪካ ያለው ወገናችንም ድርሻ አለው። አንድ ሚሊዮን ሰው ለማሳተፍ የተነሣው የአገሪቱ የጤና ምርምር በ2024 የ245,388 ሰዎችን ዘረመል አንብቦ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ከ275 ሚሊዮን በላይ ልዩነቶችን ሲያገኝ፣ ከተሳታፊዎቹ 77 በመቶው ቀድሞ በምርምር ተዘንግተው ከነበሩ ወገኖች የመጡ ነበሩ። ፈቅዶ የሚገባ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ከዚያ ቁጥር ላይ የሚጨምረው ከራሱ አልፎ ለእናቱ አገር ሰው የሚተርፍ ነው።

የሚቀጥለው ቫይረስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እንደሚመጣ ግን ጥርጥር የለውም። በመጣ ጊዜ ማን በጽኑ እንደሚታመም፣ የትኛው መድኃኒት ለማን እንደሚሠራ የሚጠየቀው ጥያቄ የሚመለሰው አስቀድመው ከተቆጠሩት ሰዎች ነው። 2,787 የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ታማሚዎች የአውሮፓን እንቆቅልሽ ከፈቱ፣ መቶ ሺህ ኢትዮጵያውያን ቢቆጠሩ የሚፈቱት የኢትዮጵያን ብቻ አይሆንም። ይህን ቆጠራ ወረርሽኙ ሳይደርስ፣ ሆስፒታሎቻችን ሳይጨናነቁ፣ አሁን መጀመር አለብን።